ኤዱዋርድ ዳውስ ዴከር፤ ስለ ቡና ገበሬ የጻፈው ሹም

ከዲላ ከተማ አጠገብ ባለችው በጪጩ ከጥቅምት ወር ገደማ ጀምሮ የቡና ለቀማ ይሆናል። ገበሬው ከነሚስቱና ከነልጆቹ ሆኖ በእንሰትና በዋንዛ ጥላ ሥር የበቀለውን ቀይ እሸት ይለቅማል፤ በጆንያም አድርጎ በጀርባው ወይም በአህያ ጭኖ ወደ ሚዛን ይወስዳል። በሚዛኑ አጠገብ አንድ ሰው መዝገብ ይዞ ይቆማል። ሚዛኑ ያሳየውን መዝገቡ ይጽፋል፤ መዝገቡ የጻፈውንም ገበሬው ይቀበላል። የልጆች ትምህርት፤ የዓመት ልብስ፤ የሕክምና ወጪና የዕዳ ክፍያ ሁሉ የሚቆረጠው በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው። ሚዛኑ ትክክል ካልሆነ ወይም መዝገቡ ካጎደለ፤ ገበሬው ዓመት ሙሉ የደከመበት ነገር ከእጁ ሲወጣ እያየ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

የጌዴኦ ቡና ታጥቦና ደርቆ ባሕር ይሻገራል። በአንዳንድ የአውሮጳ አገሮች ሱቆች ውስጥ ደግሞ በቡና ማሸጊያ ላይ ማክስ ሃቭላር የሚል ስም ተጽፎ ሲሸጥ ኖሯል። የስሙም ትርጉም፤ ይህ ቡና የተገዛው ለገበሬው ተገቢ ዋጋ ተከፍሎ ነው ማለት ነው። ታዲያ ማክስ ሃቭላር ማን ነው? በሥጋ ተወልዶ በምድር ላይ የኖረ ሰው አይደለም። ሹመቱን የለቀቀ፤ ገንዘብ ያጣና ቤተሰቡን መመገብ ያቃተው አንድ ሰው በአንድ ወር ያህል ጊዜ በጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ የሚገኝ ባለ ታሪክ ነው። የደራሲው እውነተኛ ስም ኤዱዋርድ ዳውስ ዴከር ይባላል።

እኛም የዚህን ሰው ሕይወት ለባልንጀሮቻችን ለተማሪዎች ልንተርክ የተነሣነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፤ የመጀመሪያው የፍትሐዊ ንግድ ምልክት ስሙን ያገኘው ከእሱ ብዕር ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛ፤ ዴከር ሹም ሆኖ ወደ ገጠር የተላከ፤ እዚያም በገበሬ ላይ የሚደረገውን በደል አይቶ ምን ላድርግ ብሎ የተጨነቀ ሰው ስለ ነበረ ነው። ከእኛም መካከል ብዙዎቹ ነገ በየወረዳው ይመደባሉና፤ የእሱ ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ የውጭውን አገር ታሪክ በአውሮጳውያን አቆጣጠር፤ የአገራችንን ግን ዓ.ም. እያልን በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን።

ዴከር በመጋቢት ወር 1820 በሆላንድ አገር በአምስተርዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ የንግድ መርከብ አዛዥ ነበር። ልጁን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት በማሰብ የላቲን ቋንቋ ከሚሰጥበት ትምህርት ቤት አስገቡት፤ እሱ ግን ትምህርቱን ሳይፈጽም ወጣና በአንድ የጨርቅ ነጋዴ ቤት ጸሐፊ ሆነ። ይህም ሥራ አልሆነለትም። ስለዚህ በ1838 አባቱ በሚያዝዘው መርከብ ተሳፍሮ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሄደ፤ በ1839 መጀመሪያም በጃቫ ደሴት ከባታቪያ ደረሰ። ባታቪያ ማለት ዛሬ የኢንዶኔዢያ ትልቅ ከተማ የሆነችው ጃካርታ ናት። በዚያን ጊዜ አገሪቱ በሆላንድ መንግሥት ቅኝ ግዛት ሥር ስለ ነበረች፤ ወጣቱ በመንግሥት የሒሳብ መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት ሥራ አገኘ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ጥቂት ገታ አድርገን ጃቫ በዚያ ዘመን እንዴት ትተዳደር እንደ ነበር መናገር ያስፈልገናል። በ1830 ቫን ደን ቦስ የሚባል እንደራሴ አንድ አዲስ ሥርዐት አቆመ። በዚህም ሥርዐት እያንዳንዱ መንደር ከመሬቱ አንድ አምስተኛውን ለመንግሥት በሚፈለገው ተክል፤ ይኸውም በቡና፤ በሸንኮራ አገዳና በኢንዲጎ እንዲሸፍን፤ መሬት የሌለውም በዓመት 66 ቀን በጉልበቱ እንዲሠራ ተደነገገ። ሕጉ በወረቀት ሲታይ ልከኛ ይመስላል። በሥራ ላይ ሲውል ግን መሬቱም ቀኑም ከተጻፈው በላይ ሆነ። ቡናውን መንግሥቱ ከገበያው እጅግ ዝቅ ባለ በራሱ ዋጋ ይረከብና፤ የሆላንድ የንግድ ማኅበር ወደ አውሮጳ አጓጉዞ በጨረታ ይሸጠዋል። ገበሬው ቡናውን ለሌላ ሰው የመሸጥ መብት አልነበረውም። በ1840ዎቹ በጃቫ አንዳንድ አውራጃዎች፤ ሩዝ የሚበቅልበት መሬትና የሰዉ ጉልበት ለመንግሥት ተክል በመዋሉ ጭምር፤ ጽኑ ረኃብ ሆነ። በዚያው ዘመን ግን ከጃቫ ወደ ሆላንድ ግምጃ ቤት የገባው ትርፍ ስሌቱ ሲደመር ከ800 ሚሊዮን ጊልደር በላይ ደርሷል። ሆላንድ በዚህ ገንዘብ ዕዳዋን ከፈለች፤ የባቡር ሐዲድም ዘረጋች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሆላንዳውያኑ በየመንደሩ ቆመው አላስገደዱም። የሚያስገድደው የአገሩ ተወላጅ የሆነው ባላባት ነበር። መንግሥቱ ባላባቱን በሹመቱ አጸናው፤ ደመወዝም ቆረጠለት። ከዚህም በላይ ለባላባቱም ሆነ ለነጩ ሹም ከአውራጃቸው ከሚወጣው ምርት በመቶ ይህን ያህል ተብሎ ድርሻ ይታሰብላቸው ነበር። እንግዲህ ገበሬው አብዝቶ እንዲሠራ የማይመኝ፤ ሲበደልም አይቶ ለመናገር የሚደፍር ሹም ከየት ይገኛል? ዝምታው ራሱ ደመወዝ ይከፈልበት ነበር። የጌዴኦን የጥንት ታሪክ ከአባቶቹ የሰማ አንባቢ ይህን አሠራር ሲያነብ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም።

ዴከር በ1842 በሱማትራ ደሴት ናታል በምትባል ወረዳ ተሾመ። በዚያም በግምጃ ቤቱ ሒሳብ ላይ ጉድለት ተገኘና ከሥራ ታገደ፤ በፓዳንግ ከተማም ብዙ ጊዜ በችግር ቆየ። ሰርቋል ብሎ የፈረደበት የለም፤ ነገር ግን መዝገብ በመያዝ ረገድ ቸልተኛ እንደ ነበር አይካድም። ጉድለቱንም በኋላ ከፈለ። በ1846 ቲነ የምትባለውን ኤቨርዲነ ቫን ቪንበርገንን አገባ። ከዚያ በኋላ ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው እየተዛወረ በሹመት ከፍ አለ። ከ1852 ጀምሮ በሕመም ፈቃድ በሆላንድ ሦስት ዓመት ያህል አሳልፎ፤ ብዙ ዕዳ ተሸክሞ በ1855 ወደ ጃቫ ተመለሰ።

በጥር ወር 1856 በምዕራብ ጃቫ ሌባክ ለምትባል አውራጃ የበላይ ሹም ሆነ። ዕድሜው 36 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሌባክ ብዙ ቡና የምታወጣ አገር አልነበረችም፤ ድኻ ነበረች። ባላባቱ ካርታ ናታ ናጋራ የሚባል ዕድሜው የገፋ ሰው ሲሆን፤ ቤተ ዘመዱ ብዙ፤ ወጪውም ከገቢው የበለጠ ነበር። ስለዚህ ሕዝቡን ያለ ደመወዝ በሥራ ያሰልፋል፤ ሰዎቹም የገበሬውን ጎሽ ዋጋ ሳይከፍሉ ይወስዳሉ። በጃቫ ጎሽ ማለት በእኛ አገር የእርሻ በሬ ማለት ነው፤ ጎሹ የተወሰደበት ሰው እርሻው ጾሙን ያድራል። ብዙ ሰዎችም ቤታቸውን እየተዉ ወደ ሌላ አገር ተሰደዱ።

ዴከር የቀድሞውን ሹም ወረቀቶች ሲመረምር፤ ያም ሰው ይህንኑ በደል ያውቅ እንደ ነበርና በሥራው ላይ ሳለ በድንገት እንደ ሞተ ተረዳ። የሟቹ ሚስት ባሏ ተመርዟል ብላ ትጠረጥር ነበር። ዴከርም ነገሩን ከሰማ በኋላ ብዙ አልታገሠም። ወደ አውራጃዋ በገባ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ፤ ባላባቱ ከሥፍራው ተነሥቶ ምርመራ እንዲደረግ የሚጠይቅ የክስ ደብዳቤ ለአለቃው ጻፈ። ባላባቱ በሥፍራው ካለ ምስክር የሚሆን ገበሬ አይገኝም የሚል ነበር አሳቡ። በዚህም አልተሳሳተም፤ ዛሬም ቢሆን በሚዛኑ ባለቤት ፊት ሚዛኑ አጭበረበረኝ ብሎ የሚመሰክር ገበሬ ማግኘት ቀላል አይደለም።

አለቃው ግን ነገሩ ጸጥ ብሎ እንዲያልፍ ፈለገ። እንደራሴው ዱይማር ቫን ትዊስትም አካሄዱን ነቅፎ ወደ ሌላ አውራጃ እንዲዛወር አዘዘ። ዴከር ዝውውሩን ተቀብሎ ዝም ቢል ኖሮ ደመወዙም፤ የሹመት ተስፋውም አይቀርበትም ነበር። እሱ ግን ሥራውን ለቀቀ። በሌባክ የቆየው በጠቅላላው ሦስት ወር ያህል ብቻ ነው። እንደራሴውን በአካል አግኝቶ ለማስረዳት ደጅ ጠናና ሳይሳካለት ቀረ። ከዚያ በኋላ መንግሥቱ ራሱ ባደረገው ምርመራ ከተከሰሰው በደል ብዙው እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ባላባቱ ግን በሹመቱ ላይ ቀረ። ከሥራው የወጣው ከሳሹ ነው።

በ1857 ወደ አውሮጳ ተመለሰ። ከዚህ ወዲያ ያለው የሕይወቱ ክፍል የሚያስደስት አይደለም። ሚስቱን ከሁለት ልጆቹ ጋር በዘመድ እጅ ትቶ ከከተማ ወደ ከተማ ዞረ፤ ያገኘውንም ገንዘብ በቁማር ቤት አጠፋ። በመስከረም ወር 1859 በብሩሴል ከተማ በአንድ ርካሽ ማደሪያ ውስጥ ተቀምጦ መጻፍ ጀመረ፤ በአንድ ወር ያህልም ጨረሰ። የመጽሐፉን አርእስት ማክስ ሃቭላር፤ ወይም የሆላንድ የንግድ ማኅበር የቡና ጨረታ አለው። በራሱ ስም ፈንታም ሙልታቱሊ ብሎ ፈረመ፤ ይህም በላቲን ብዙ ተሸከምሁ ማለት ነው።

የመጽሐፉ አሠራር ብልኅነት ያለበት ነው። ታሪኩን የሚጀምረው ሹሙ ሃቭላር ሳይሆን፤ ድሮክስቶፐል የሚባል የአምስተርዳም የቡና ደላላ ነው። ይህ ሰው ሕይወቱ በሙሉ ቡና ነው፤ እንጀራው ከቡና ይወጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ ዕዳ የለበትም፤ ራሱንም እንደ ጻድቅ ይቈጥራል። ነገር ግን ቡናውን ማን እንደ ተከለው፤ ማን እንደ ለቀመው፤ ምን እንደ ተከፈለው መጠየቅ አይፈልግም። ቢነግሩትም ደስ አይለውም። ከዚያ ታሪኩ ወደ ጃቫ ይሻገርና ሳይጃ የሚባል ልጅ እናገኛለን። የአባቱ ጎሽ ተደጋግሞ ይወሰዳል፤ ቤቱ ይፈርሳል፤ አባቱ ተሰዶ ይሞታል። ልጁ አዲንዳ የምትባለዋን እጮኛውን ለማግባት ገንዘብ ሊያጠራቅም ወደ ባታቪያ ሄዶ ሠርቶ ሲመለስ፤ እሷም ቤተሰቧም ተሰደዋል። ተከትሏት ሲደርስ በወታደር ተገድላ ያገኛታል፤ እሱም በዚያው ይሞታል። በመጨረሻ ደራሲው ባለ ታሪኮቹን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ በገዛ ድምፁ ለሆላንድ ንጉሥ አቤቱታውን ያቀርባል።

ሰውየውን ከሆነው በላይ አናሳምረው። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት፤ በጃቫ ከፍ ያለ ሹመት ከተሰጠው ሊያስቀረው ፈቃደኛ እንደ ነበር ታውቋል። የቀረበለት ሥራ በሌላ ቅኝ ግዛት ስለ ነበር እምቢ አለ። ያን ጊዜ የሚፈልገውን ሹመት ቢያገኝ ኖሮ መጽሐፉን ምናልባት ማንም አያነበውም ነበር። ደግሞም ዴከር የሆላንድ አገዛዝ በቅን ሰዎች እጅ እንዲሠራ ፈለገ እንጂ፤ ጃቫውያን ራሳቸውን እንዲገዙ አልጠየቀም።

መጽሐፉን ለማሳተም የረዳው ታዋቂው ደራሲ ያኮብ ቫን ሌኔፕ ነበር። ቫን ሌኔፕ ግን የማሳተሙን መብት በስሙ አዛወረ፤ ዘመኑንና የቦታውን ስም እያወጣ በነጠብጣብ ተካ፤ ድኻ ሊገዛው በማይችል ውድ ዋጋም እንዲሸጥ አደረገ። ዴከር ከፍርድ ቤት ደርሶ ተረታ። እንዲህም ሆኖ በግንቦት ወር 1860 መጽሐፉ ሲወጣ ብዙ ሕዝብ አነበበው፤ በአገሪቱ ምክር ቤት ሳይቀር መነጋገሪያ ሆነ። ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተባብሮም የግዴታውን እርሻ ሥርዐት ለማዳከም ረዳ፤ በ1870 በወጡት ሕጎችም ሥርዐቱ በብዙው መፍረስ ጀመረ። ነገር ግን ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። ከተክሎቹ ሁሉ በግዴታ እየተመረተ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዘለቀው ቡናው ነው። ትርፉ ብዙ ስለ ነበር ከሁሉ በኋላ የተለቀቀው እሱ ሆነ።

ዴከር ከዚያ በኋላ ብዙ ጻፈ፤ ብዙ ተከራከረ፤ ዕዳው ግን አልቀነሰም። ሚስቱ ቲነ በችግር ከኖረች በኋላ በ1874 በቬኒስ ሞተች። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ሚስት አገባ፤ በጀርመን አገርም ተቀመጠ። በየካቲት ወር 1887 በኒደር ኢንገልሃይም በ66 ዓመቱ አረፈ። በ1857 ወደ አውሮጳ ከሄደ በኋላ ወደ ጃቫ አልተመለሰም። የወንድሙ የልጅ ልጅ ኤርነስት ዳውስ ዴከር ግን ቆይቶ ለኢንዶኔዢያ ነጻነት ከታገሉት ሰዎች አንዱ ሆኗል።

ሰውየው ከሞተ ከ100 ዓመት በኋላ ስሙ እንደገና ተነሣ። ፍራንስ ቫን ደር ሆፍ የሚባል ሆላንዳዊ ቄስ በሜክሲኮ አገር በኦአካካ ከቡና ገበሬዎች ጋር ይኖር ነበር። ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው፤ ከርዳታ ይልቅ ለቡናቸው ተገቢ ዋጋ እንደሚመርጡ ነገሩት። እሱና ኒኮ ሮዘን የሚባል ያገሩ ሰው መክረው በኅዳር ወር 1988 በሆላንድ የመጀመሪያውን ምልክት አወጡ፤ ማክስ ሃቭላርም አሉት። በሚቀጥለው ዓመት በ1989 ቡና አምራችና ገዢ አገሮች የሽያጭ ኮታ የሚደለድሉበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ፈረሰና የቡና ዋጋ ወደቀ። ምልክቱ ተፈላጊነቱ የተገለጠው ያን ጊዜ ነው።

የአሠራሩ መሠረት እንዲህ ነው። ገበሬዎች በዴሞክራሲ በሚመራ ማኅበር ይደራጃሉ። ገዢው ከተወሰነ ዝቅተኛ ዋጋ በታች አይከፍልም፤ የዓለም ገበያ ከዚያ በላይ ከሆነ በገበያው ዋጋ ይከፍላል። በዚህ ላይ ለማኅበሩ የሚገባ ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ ገንዘቡ ለትምህርት ቤት፤ ለውኃ ወይም ለቡና ማጠቢያ ይዋል ብሎ የሚወስነው የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። በምሳሌ እንየው። በ2001 መጨረሻ በኒው ዮርክ ገበያ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። እንግዲህ 17 ኪሎ የሚመዝነው አንድ ፍራሱላ ንጹሕ ቡና 19 ዶላር አይሞላም ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የፍትሐዊ ንግድ ዝቅተኛ ዋጋ ከነተጨማሪው 1 ዶላር ከ26 ሳንቲም ስለ ነበር፤ ያው ፍራሱላ 47 ዶላር ያህል ያወጣል። ይህ በወደብ ላይ ያለው ዋጋ ነው እንጂ በገበሬው እጅ የሚገባው አይደለም፤ ቢሆንም ልዩነቱ ልጅን በትምህርት ቤት በማቆየትና በማስወጣት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ጌዴኦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላ፤ ገበሬው ገባር ሆኖ ለመልከኛው ምርቱንና ጉልበቱን ይሰጥ ነበር። እንደ ጃቫውም ሁሉ፤ ግብሩን የሚያሰባስበው የአገሩ ባላባት ነበር። በኋላም ገባርነቱ በአዋጅ ሲቀር ጭሰኝነቱ ቀጠለ፤ ቡናው ዋጋ ባወጣ ቁጥርም የባለርስቱ ጥያቄ በረታ። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች አቤቱታቸው ሰሚ ባጣ ጊዜ ተነሡ፤ በሚጪሌም ብዙ ሰው ሞተ። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተማሪዎች መሬት ላራሹ ብለው ሰልፍ የወጡት፤ የየአገሩ ገበሬ አስቀድሞ በደሙ የጻፈውን አንብበው ነው ብንል አልተሳሳትንም። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅም ጭሰኝነት ቀረ።

መሬቱ ለአራሹ ሆነ፤ ሚዛኑ ግን ገና በሌላ ሰው እጅ ነበር። በ1994 ዓ.ም.፤ የቡና ዋጋ ከሁሉ በከፋበት በዚያ ወራት፤ የይርጋ ጨፌ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ተቋቋመ። በጌዴኦ ውስጥ ያሉ ከ20 በላይ መሠረታዊ ማኅበራትን፤ በእነሱም ውስጥ ከ40 ሺህ በላይ አባላትን አቅፏል። ገበሬው ቀይ እሸቱን ለማኅበሩ ያስረክባል፤ ማኅበሩ አጥቦ ያደርቀዋል፤ ዩኒየኑ ወደ ውጭ ይልከዋል፤ ከተሸጠ በኋላ ከትርፉ ክፍፍል አለ። በ2001 ዓ.ም. የቡና ንግድ ወደ ምርት ገበያ በገባ ጊዜም ዩኒየኖች የአባሎቻቸውን ቡና በቀጥታ እንዲልኩ ተፈቅዶላቸዋል፤ ስለዚህ የሩቁ ገዢ ቡናው ከየትኛው ማኅበር እንደ መጣ ሊያውቅ ይችላል። በውጭ በኩል ደግሞ መንግሥታችን በ2005 ይርጋ ጨፌ፤ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ጠየቀ፤ ከትልቁ የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ከተከራከረ በኋላም በ2007 ስምምነት ተደረገ። ስሙ የአገሩ ሰው ሀብት መሆኑ የታወቀው በዚህ ዓይነት ነው።

ነገር ግን ድሮክስቶፐልን የሚመስል ሰው እንዳንሆን ጎዶሎውንም እንናገር። ምልክቱ ዋጋ የሚያስገኘው ገዢ ሲኖር ብቻ ነው፤ ማኅበራት ብዙ ጊዜ ከቡናቸው ከፊሉን ብቻ በፍትሐዊ ንግድ ዋጋ ይሸጣሉ፤ የቀረው በተራው ገበያ ይሄዳል። ደግሞም ማኅበሩ የባለ ማሳ ነው። በለቀማ ወራት ለቀን ሙያተኝነት የሚመጣው መሬት የሌለው ሰው በጉባኤው ድምፅ የለውም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጥናት፤ በኢትዮጵያና በኡጋንዳ ምልክቱ ባለባቸው ሥፍራዎች የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ከሌሎቹ የተሻለ ደመወዝ እንደማያገኙ፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚያንስ እንደሆነ ገልጸዋል። ጥናቱን የተቹ ቢኖሩም ጥያቄው ቀላል አይደለም። ዴከር ያየው ነገር ይኸው ነው፤ በገዢውና በደኸየው ሰው መካከል ሁልጊዜ አንድ ሌላ እጅ አለ፤ ያ እጅ ካልታየ በደሉም አይታይም።

ሌላም ነገር እንጨምር። ከአገራችን ቡና ግማሽ ያህሉ የሚጠጣው እዚሁ በአገራችን ነው። ስለ አስተዋይ ሸማች ስንናገር የምናስበው የአምስተርዳምን ወይም የፓሪስን ሰው ብቻ ነው። እኛስ? በግቢያችን በር ላይ ተሰብስበን ቡና ስናስፈላ፤ እስከ ሦስተኛው ሲኒ ድረስ ስለ ዓለም ፍትሕ ስንከራከር፤ ይህ ቡና ከማን እጅ በምን ዋጋ መጣ ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አለን? እንደዚያ የአምስተርዳም ደላላ እኛም ከቡናው ጋር ስንኖር ቡናውን አናውቀውም።

ከዴከር ሕይወት የምንማረው በእኛ አስተያየት ይህ ነው። በደልን አይቶ ሹመቱን መልቀቁ ክብር ይገባዋል። ሩቅ ላለው ጠጪ የሲኒውን ታሪክ መንገሩም ታላቅ ሥራ ነው፤ ዛሬ በማሸጊያ ላይ የሚለጠፈው ምልክት የዚያ ፍሬ ነው። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ገበሬው ያለቅሳል፤ ይሰደዳል፤ ይሞታል እንጂ መዝገብ ሲይዝ፤ በጉባኤ ሲከራከር፤ ዋጋ ሲጠይቅ አይታይም። አቤቱታው የቀረበው ለንጉሡ ነው፤ ንጉሡም አልመለሰለትም። የሜክሲኮ ገበሬዎች ከ100 ዓመት በኋላ፤ የጌዴኦ ገበሬዎችም በማኅበራቸው የጨመሩት ይህን የጎደለውን ክፍል ነው። የሸማች ርኅራኄ ዛሬ መጥቶ ነገ ሊሄድ ይችላል፤ አምራቹ ራሱ የሚያነበው ሚዛንና ራሱ የሚመረምረው መዝገብ ግን ይቀራል።

የጌዴኦ መልክዓ ምድር ከእንሰቱ፤ ከቡናውና ከዛፉ ጋር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ደስ ብሎናል። ይሁን እንጂ ቅርሱን ያቆየው ገበሬ ከዚያ ማሳ ልጆቹን ማሳደግ ካልቻለ፤ ቡናውን ነቅሎ ሌላ ነገር ቢተክል ማን ይፈርድበታል?

ባልንጀሮቻችን ሆይ፤ ከእኛ አንዱ ሒሳብ መርማሪ፤ አንዱ የኅብረት ሥራ ባለሙያ፤ አንዱ ዳኛ፤ አንዱም የወረዳ ሹም ሆኖ የሚመደብበት ቀን ሩቅ አይደለም። በዚያን ቀን እንደ ጪጩ ካለ ሥፍራ፤ በለቀማ ወር፤ በአንድ ሚዛን አጠገብ እንቆማለን። ጆንያው ይሰቀላል፤ ቍጥሩ ይጻፋል፤ ገበሬው ወደ እኛ ይመለከታል። ዴከር በ36 ዓመቱ መልሱን ሰጥቶ ዋጋውን ከፍሏል። የእኛን መልስ ለመስጠት ግን ሹመቱን መጠበቅ አያስፈልግም፤ በዚህ ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ በመንደራችን ማኅበር መዝገብ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ለማይችለው አባታችን ወይም ጎረቤታችን ቁጭ ብሎ ማንበብ ይበቃል።